ቀይ ጨርቅ ያሰሩ ውሾች

ረቡዕ ጠዋት እናቴ ቡላን ትሰድበው ነበር። እንዲህ ብዬ መጀመሬ ደስ አይለኝም፤ ግን ያ ጠዋት ከስድቡ በቀር ምንም አልነበረበትም።

«አንተ ሌባ! አንተ ዐይነ ደረቅ! የትናንቱን ቂጣ የበላኸው አንተ አይደለህም?» ትለዋለች።

ቡላ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ቂጣውን የበላሁት እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ሰው በውሻ ማሳበብ ከጀመረ ከዚያ በታች የሚወርድበት ብዙ ደረጃ አይቀረውም። የቀረኝን ደረጃ በዚያው ሳምንት ወርጄ ጨረስኩት።

ቡላ የወንድሜ ውሻ ነው። ነበር። (ስጽፍ እንዲህ ነው የምሳሳተው፤ ታገሡኝ።) ስሙ መልኩ ነው፤ የደረቀ ሣር የመሰለ ቡላ። ወንድሜ ገመቹ ያገኘው አምቦ ገበያ ዳር ነው። አንድ ሰው በጆንያ ቡችሎች አምጥቶ ደፍቶ ሄደ። ገመቹ አንዱን ወንድ አነሣ። ሌላውን ወንድ ሌላ ሰው ወሰደው። ሴቶቹን ማንም አልፈለጋቸውም። እንግዲህ እነሱ ናቸው አድገው፣ ወልደው፣ የነቀምት መኪና ከዳጣቸው የተረፉት ልጆቻቸው «የመንገድ ውሻ» የሚባሉት። ገመቹ ይህን ስም ሲሰማ ይናደድ ነበር።

«መንገድ ይወልዳል እንዴ? ሰው ነው አምጥቶ የሚደፋቸው» ይላል።

ኑሯቸውን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከሥጋ ቤቱ ጓሮ ይቆማሉ። ሥጋ ቆራጩ አጥንት ከጣለ ጥሩ ቀን ነው፤ ድንጋይ ከጣለ የተለመደ ቀን ነው። ከሆቴሉ ወጥ ቤት ደግሞ የፈላ ውኃ ይመጣል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ዒላማ ይለማመዱባቸዋል። እኔም ተለማምጃለሁ። አልሳትኩም ብዬ ብኩራራ ማን ይመሰክርልኛል? ወንድሜ ግን ከእናቴ ድስት እየቀነሰ ስድስቱን ይመግባቸው ነበር። ቡላ ሰባተኛቸው ነው፤ ቤት ያድራል፣ ቀን ግን ከእነሱ ጋር ይውላል።

ገመቹን ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ ነው የወሰዱት፤ ከሌላ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ አስረው። መኪናው ሲነሣ ሮጬ ደረስኩ። ስለ እናታችን አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ቡላንና ጓደኞቹን አደራ!» አለኝ።

ሳቅኩ። መኪናው ላይ ያሉትም ሳቁ። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው። አደራ ደግሞ ስትቀበለው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሰጪው ሲርቅ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ግንቦት ከግንባር ወረቀት መጣ። ወረቀት ብቻ ነው የመጣው፤ ሌላ ምንም አልመጣም። ድንኳን ጣልን፤ ፎቶግራፉን ጠረጴዛ ላይ አቁመን ተቀመጥን። ጎረቤት ሁሉ አለቀሰ። እናቴ አላለቀሰችም። ሴቶቹ «አዴ ብዙነሽ፣ አልቅሺ፤ ይውጣልሽ» ሲሏት «ምኑን አይቼ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ንግግሯ በልክ ሆነ። «ጨው አልቋል»፣ «በሩን ዝጋ»፣ ይኸው ነው። የቀረውን ንግግሯን በሙሉ ለቡላ አደረገችው። ቀኑን ሙሉ ስትሰድበው ትውላለች። እኔ ሌላ ክፍል ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ቡላ አንድ ነገር ቢሆን ይህ ቤት ጸጥ እንደሚል ይገባኝ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ይገባኛል። የማይገባኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነው።

ሰኞ ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። በጌዶ በኩል አንድ ገበሬ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሞቷል። ስለዚህ ሐሙስ ማለዳ በከተማው ውስጥ መርዝ ይደረጋል። ውሻ ያለው ውሻውን ይሰር፤ አንገቱም ላይ ምልክት ያድርግ። ማዘጋጃ ቤቱ ከመሬት ተነሥቶ አልጨከነም፤ ገበሬው እንዴት እንደሞተ የሰማ ሰው አይፈርድባቸውም።

ቡላን ለማሠር ገመድ ገዛሁ። ቡላ ታስሮ አያውቅም። አንገቱ ላይ ሳጠልቅለት አለቀሰ። ውሻ አያለቅስም የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር። እናቴ ከቤት ወጣች፤ ምንም ሳትናገር ፈታችው፤ ገመዱን ወደ እኔ ወረወረችው።

«በዚህ ግቢ የታሰረ ማየት አልፈልግም» አለች።

ይህ ከግንቦት ወዲህ የነገረችኝ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነበር። እንዴት ልቃወም?

አዋጁን አሰብኩት። ይሰር፤ ምልክትም ያድርግ። ሁለት ትእዛዝ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ነጥቤን አትጠይቁኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርቴ ተመራምሬ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል የሚል ትርጓሜ ላይ ደረስኩ። እንኳን ለቡላ፣ ምልክት ካደረግኩላቸው ለስድስቱም ይበቃል። የወንድሜን አደራ በአንድ ቀን እወጣለሁ።

ምልክቱ ከየት ይመጣል? የቀበሌያችን የወጣት ማኅበር መጋዘን ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ መፈክር የምጽፈው እኔ ነኝ። ለአብዮት በዓል የጻፍኩት ትልቅ ቀይ ጨርቅ መጋዘኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ «አብዮታችን ለዘላለም ይኑር!» ይላል፤ በነጭ ቀለም። በዓሉ አልፏል። ለሚመጣው ዓመት ሌላ ይጻፋል። መቀስ አነሣሁ። ያን ጊዜ ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም እንጂ ራሴን በጣም አድንቄ ነበር።

ለቡላ «ይኑር» የሚለውን ቃል በሙሉ ቆርጬ እንደ ሻሽ አሰርኩለት። ለሌሎቹ አንዳንድ ፊደል ደረሳቸው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙሬዋለሁ፤ ጅል አይደለሁም። ማክሰኞ ስድስቱን ለመያዝ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በአንድ እጄ አጥንት፣ በሌላው ቀይ ጨርቅ ይዤ ከሥጋ ቤቱ ጓሮ እስከ መኪና ማቆሚያው ስሮጥ የዋልኩትን ያየ ሁሉ «ወይኔ፣ ይህም ልጅ በሐዘን ነካው» አለ። ሦስተኛውን ውሻ ሳስር የሠፈራችን እትዬ አስካለ መጣች።

«ምንድን ነው የምታድለው?»

«አላድልም፤ ምልክት ነው፤ ለውሻ።»

«ለእኔም ውሻ ቁረጥልኝ እንጂ! የኔ ውሻ የሰው ልጅ አይደለም?»

ቆረጥኩላት። ከኋላዋ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ለእሱም ቆረጥኩለት። ቀና ስል አሥር ሰው ተሰልፏል። በዚያ ዘመን ሰው ሰልፍ ካየ መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚሰጥ የሚጠይቀው ቆይቶ ነው። አንዲት ሴት ከነስኳር ከረጢቷ ደረሰች።

«ስኳር አይደለም፤ እናቴ» አልኳት።

«ምን ይሰጣል ታዲያ?»

«የውሻ ምልክት።»

«ውሻ የለኝም።» ትንሽ አሰበች። «ግን ከመጣሁ አይቀር ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ማታ በጓ ላይ አስራው አየሁ። በዚህ ዓይነት አብዮታችን አለቀ፤ ከዚያ ለዘላለም አለቀ፤ ቃለ አጋኖው ብቻ ተረፈ።

እንግዲህ ወደ ረቡዕ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ከአውራጃ እንግዳ መጥቷል። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር በሩ ተገፋ። ለካ ውሾቹ እኔን ባዩ ቁጥር አጥንት አለ ብለዋል። ቡላ ከፊት፣ ከስድስቱ አንዱ አንካሳው ከኋላ፣ ሰባቱም ገቡ። ጭቃ ላይ ሲንከባለሉ ውለው ጨርቁ ዞሯል። ፊደሉ ሁሉ ወደ ውጭ ነው። ተርታቸውን ጠብቀው ጠረጴዛዬ ሥር መጥተው ተቀመጡ። ከተሰብሳቢው ሁሉ ሥነ ሥርዓት የነበራቸው እነሱ ናቸው።

እንግዳው መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እነዚህ የየትኛው ማኅበር አባላት ናቸው?» አለ።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነብባቸው ነበር። «ዮ... ታ... ች...» ቡላ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ፈርሞ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ፊቱ እንደ ጨርቁ ሆነ።

እንግዳው እንደ ወጣ ሊቀመንበሩ ቁልፌን ተቀብሎ ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ፤ እስክሪብቶና ወረቀት ሰጠኝ።

«ግለ ሂስህን ጻፍ። ሳትጨርስ አትወጣም።»

ጻፍኩ። ስለ ወንድሜ፣ ስለ አደራው፣ ስለ ስድስቱ ውሾች ጠባይ ጭምር ጻፍኩ። አነበበውና መለሰልኝ።

«ይህ ግለ ሂስ አይደለም፤ የፍቅር ደብዳቤ ነው። መደብህን ግለጽ!»

እንደገና ጻፍኩ። ለውሻ ያለኝ ፍቅር ንዑስ ከበርቴያዊ መሆኑን አመንኩ። ሁለት ዶሮና አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ያለን ሰዎች ከበርቴ የሆንነው ያን ቀን ነው። ይህኛው ጥሩ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እየጻፍኩ ደስ እያለኝ መጣ። ፊደሌን እያሳመርኩ፣ ያልተስተካከለውን ገጽ እየቀደድኩ እንደ አዲስ እጽፋለሁ። ሊቀመንበሩ ግን ወደ ቤቱ ሄዷል። «ነገ ጠዋት አየዋለሁ» ብሎ በሩን አስቆለፈው።

ወደ ማምሻው ላይ እትዬ አስካለ ከእናቴ ዘንድ ራትና ጋቢ አመጣችልኝ። ቡላ ተከትሏት መጥቷል። ዘበኛው ዕቃውን ከበሩ በላይ ባለው ክፍተት አቀበለኝና ጠየቀኝ።

«ለአዴ ብዙነሽ የምትላት አለ? እትዬ ትንገርልህ።»

«ደኅና ነው በሏት። ነገ ጠዋት ይመጣል በሏት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሌላ የለም አልኩ። «ቡላን ቤት ውስጥ ዝጊበት» ማለት አራት ቃል ነው። እኔ ያን ቀን ስድስት ገጽ ጽፌያለሁ። እስክሪብቶ በእጄ፣ ወረቀት በፊቴ፣ መልእክተኛ በደጄ ነበረ። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አንደኛ፣ ምልክቱን ስለማምነው። ሁለተኛ፣ ከራት ጋር እንደ ታሰረ ሰው ኑዛዜ መላክ አሳፈረኝ። ሦስተኛ... ሦስተኛውን መናገር ይከብደኛል። እትዬ አስካለ ስትመለስ ቡላ አልተከተላትም። ቆርቆሮው በር ሥር ተጋደመ። በር ሥር ትንፋሹን እሰማለሁ። ደስ አለኝ። «ሂድ ወደ ቤት» ብለው ይሄድ ነበር፤ ታዛዥ ውሻ ነው። አላልኩትም። ብቻዬን እንዳላድር ብዬ ነው።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል የሰው እርምጃ ሰማሁ። ቡላ ተነሣ። ጅራቱ ቆርቆሮውን ይመታዋል፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ሰው ሲወድ እንዲህ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መሆኑን ዐወቅኩ። አልፈራሁም። ምልክት አለው እኮ፣ ያየዋል፣ ያልፈዋል አልኩ። እንዲያውም ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የጅራቱ ድምፅ ቆመ። ሰውየው ሄደ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልጽፈውም። በሩን ደበደብኩት። ዘበኛው ቁልፍ ያለው ሊቀመንበሩ ጋ ነው አለኝ።

ሲከፈትልኝ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ደጁ ላይ ኦቦ ቶላ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ቶላ የማዘጋጃ ቤቱ መርዝ አድራጊ ነው፤ ሽማግሌ ሰው፤ የመርዝ ሥጋ የሚይዝበት ሳፋው ባዶ ሆኖ እግሩ ሥር ተደፍቷል። ቡላ ከጎኑ በጆንያ ተሸፍኖ ነበር። አንገቱ ባዶ ነው።

«ምልክት ነበረው!» አልኩ። «ኦቦ ቶላ፣ ምልክት ነበረው እኮ!»

«ነበረው» አለ። «ቀይ ያሰሩትን አስቀድም ተባልኩ ከቀበሌው፤ ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። እንግዳው ዛሬ ከተማውን ሳይዞር፣ ጨርቁን ሰብስበህ አምጣ ተባልኩ። ባለቤት ያላቸው ታስረዋል፤ የእነሱን ጨርቅ ራሳችን ፈትተን እንወስዳለን፤ ልቅ የሆነው የማንም አይደለም አሉኝ። አኒ ማል ቤካ? እኔ ምን ዐውቃለሁ?» ወደ ጆንያው አየ። «ጅራቱን እየቆላ መጣ። የማን ነው?»

«የገመቹ። የአዴ ብዙነሽ ልጅ።»

ኦቦ ቶላ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሥጋ ቤት ጓሮ የሚያበላቸው? እሱማ ዐውቀዋለሁ። እኔን ሁሉም ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እሱ ቆሞ አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ ይለኝ ነበር። ምን ይዤ እንደምዞር እያወቀ።» ባርኔጣውን መልሶ ማድረግ አቃተው፤ በእጁ ያዟዙረዋል። «ለምን አልነገራችሁኝም? አንድ ሰው ቢነግረኝ...»

አንድ ሰው። እኔ ነኝ አንዱ ሰው።

ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ። የተረፈው አንካሳው ነው። እሱ ከአዳራሹ እንደ ወጣ ጨርቁን በጥርሱ ቀዶ ጥሎት ነበር። ምልክት ስላልነበረው ለመጨረሻ ቆየ፤ እሱ ጋ ሲደረስ ሥጋው አለቀ። ከሁላችንም የተማረ እሱ ነበር ማለት ነው። ሊቀመንበሩ ግለ ሂሴን ሳያነብ ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ ስድስቱን ጭኖ ከከተማው ዳር ያለው ገደል ውስጥ ሊደፋ ሄደ። ሰው በጆንያ አምጥቶ ደፍቷቸው ነበር፤ ሰው በጋሪ ወስዶ ደፋቸው።

ቤት ገባሁ። እናቴ እሳት ላይ ነበረች።

«ውሻው የት አለ?»

«ወደ ጉደር መንገድ ሄዷል» አልኩ። «ሴት ተከትሎ።»

«ባለጌ» አለች። ቀኑን ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሰው ድምፅ አልተሰማም። ማታ በቡላ ሣህን ላይ ፍርፋሪ አድርጋ በር ላይ አኖረችው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። በዚህ የተካንኩ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ማልጄ ተነሣሁ፤ ዶማና አካፋ ይዤ ወጣሁ። ወደ ገደሉ ወረድኩ። ቡላን ከሌሎቹ መካከል ለይቼ ተሸክሜ አወጣሁት፤ ሜዳው ላይ፣ ከአንዲት ግራር ሥር አስተኛሁት። ቁፋሮ ስጀምር ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። እናቴ ናት። ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባዶ እግሯን፣ በጤዛ ላይ መጣች።

«እማዬ... ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«እኔ ጉደር ሄደ ነው ያልኩሽ።»

«ስትነግረኝ እግርህን ታይ ነበር። ወረቀቱን ይዘው የመጡት ሰዎችም እግራቸውን ነበር የሚያዩት።»

ስለ ጨርቁ፣ ስለ በሩ፣ ሂድ ስላላልኩት ሁሉ ነገርኳት። እንደ ግለ ሂሴ አላማረም፤ እየተንተባተብኩ ነው የነገርኳት። አላቋረጠችኝም፤ አልሰደበችኝምም። ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ጎንበስ ብላ የቡላን ጆሮ በጣቷ አቀናችው።

«ይኸኛውንስ አየሁት» አለች። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አየች። «ጅብ ያወጣዋል። ጨምር።»

እስከ ጉልበቴ ቆፈርኩ። ይበቃል ብዬ ቀና አልኩ።

«ጨምር» አለች።

እስከ ወገቤ ቆፈርኩ። አፈሩ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቀይ ነው። ቀና ስል ሁለቱን እጆቿን አናቷ ላይ አድርጋ አየኋት። ነጠላዋ ወርዷል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ቀስ በቀስ ድምፅ አገኘ። የምትጠራው የቡላን ስም አልነበረም።

ጉድጓዱ ደረቴ ደረሰ። ለውሻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ይበቃል አላለችም። እኔም ዶማውን አላስቀመጥኩም።